ነጭ በነጭ

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጠረጴዛው ሳይደርቅ፣
የሽሮው ጠብታ ገና ሲጠረግ በጨርቅ፣
ብርቄ ትመጣለች፣ ካርቶን በብብቷ ይዛ፣
ጣቷ በማርቆስ ብርድ እንደ እኛው ደንዝዛ።
«አባቶች፣ እናቶች፣ ዛሬስ ምን እንሣል?»
«ሌሊቱን ሙሉ ስስል አድሬ፣ ደግሞ ቀን ልሣል?»
አሏት እሜቴ ዳሳሽ።

እኔ እንኳ ስቄያለሁ። ግን ብሩሽ አልያዝሁም፤
ሥዕል የልጅ ነው ብዬ ከመስኮቱ አልራቅሁም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ደጀን ፍርድ ቤት በር፣
ተቀምጬ አንድ እግሩ አጠር በሚል ወንበር፣
«ለተከበረው ችሎት፤ ጉዳዩ፦ ስለ ድንበር፣
ጉዳዩ፦ ስለ ቀለብ፣ ጉዳዩ፦ ስለ አንዲት ጊደር»
ስጽፍ የኖርሁ ሰውዬ፣ አሁን፣ በስተርጅና፣
በውኃ ቀለም አበባ? ኧረ ምን ቀረኝ ገና!

አያ ገደፋው ግን፣ አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ፣
የልጁ ስም የጠፋው፣ የእኔንም በየማለዳው
የሚጠይቀኝ፣
ማንኪያ ሲያቀብሉት ብቻ እጁ መንገድ የሚያውቀው፣
ያን ሐሙስ ብሩሽ ብትሰጠው፣ እጁ እንደዚያው አወቀው።
ያዘው እንደ ድሮ ወዳጅ፣ አንገቱን ሳያጠብቅ፣
ነጩን ቀለም ለይቶ፣ ስለ ሌላው ሳይጠይቅ፣
በነጩ ወረቀት ላይ ነጭ መቀባት ጀመረ።
ነጭ በነጭ። ግማሻችን ሳቀ፣ ግማሻችን አፈረ።
«ምኑን ሠራው? ባዶ ነው!» ቢሉት፣ ቀና ሳይል፣
«ቀን ስለሆነ ነው። ማታ መብራት ሲያርፍበት ይታያል።»

ብርቄ አልሳቀችም። ከካርቶኖቿ መካከል
ጥቁሩን መዝዛ አወጣች፣ ሌሊት የሚያህል።
እዚያ ላይ መጣ ድንጋዩ፣ አንዱ አንዱን እየመዘዘ፣
ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ እየተጠማዘዘ፣
በየግንባሩ ቁጥር እየያዘ።

ለካ አውራ ጎዳና ነበር፤ ኖራ በባልዲ ተሸክሞ፣
በየኪሎ ሜትሩ አጎንብሶ፣ ዓመት ከርሞ፣ ዓመት ደግሞ፣
ሾፌር በጉም ውስጥ ገደል ሳይገባ እንዲያልፍ፣
እሱ የትም ሳይጻፍ ቁጥር የሚጽፍ።

«ሁለት መቶ ሃያ» አለ። «ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ።
እዚህ ጋ ዝንጀሮ አለ፤ ቀበቶዬን የሰረቀኝ።»
ከየጥጉ፣ አንድ በአንድ፣ ጋቢ እየጎተቱ መጡ፣
እሜቴ ዳሳሽም ሳላቸውን ውጠው ተቀመጡ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሦስት» ብሎ፣ ብሩሹ አየር ላይ ቀረ።
ቀጣዩን ድንጋይ ሣለው፤ ቁጥር ግን አልነበረ።
«ይኼስ፣ አባ?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ።
«ይኼን ተይው። ይኼ የሰው ነው» አለ፤ ቀለሙም አለቀ።
የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እኔ፣ ስም ከነአያቱ፣
ቀበሌ፣ ቀን፣ ምስክር፣ ስጠይቅ የኖርሁት ከጥንቱ።

ማታ መብራት ሄደ። ሥዕሉን ከራስጌው ለጥፌው ነበር፤
ባትሪዬን ባበራበት፣ መንገዱ ተነሣ ከግድግዳው ዳር፤
ድንጋዮቹ በሩ፣ ልክ እሱ እንዳለው።
ከአልጋው ሆኖ ቆጠራቸው። እንቅልፍ ወሰደው ሳይጨርስ፤
እኔ ነኝ ያልተኛሁት፣ ቁጥር ከሌለው ድንጋይ ስደርስ።

በነጋታው ወረቀት ለመንሁ። እጄ አልረሳም፣ ጻፈ፦
«ለማዕከሉ አስተዳደር፤ ደብረ ማርቆስ።
ጉዳዩ፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሁንልን ሐሙስ።»
ሆኖም ያ ሐምራዊው፣ የስንቱን ገበሬ አውራ ጣት
የነከርሁበት ቀለም፣ የለም።
የገደፋውን እጅ ያዝሁ፤ ከጥፍሩ ሥር ነጩ አልለቀቀም።
ነጩን ነክሬ ተጫንሁት፣ ከነጩ ወረቀት ግርጌ፣
እንደ ድሮዬ፣ «ቀስ፣ አትጎትተው» እያልሁ።

«ያልተፈረመ ነው» ብሎ ጸሐፊው መልሶልኛል።
አልተከራከርሁም።
ሲመሽ፣ ባትሪዬን ይዤ፣ ቢሮው ድረስ እሄዳለሁ።